ሞኒተሩ ምንም የለበትም

መጀመሪያ ያየሁት ጫማውን ነው።

እኔ ጠረጴዛ ሥር ተንበርክኬ፣ በአቧራና በገመድ መሃል የተነቀለ ሶኬት እፈልጋለሁ። መብራቱ ድርግም ብልጭ ብሎ የቀኑን ሥራዬን በልቶብኛል። እንባዬን በአቧራማ እጄ ስጠርገው ፊቴ ምን እንደመሰለ አትጠይቁኝ። ከኋላዬ ኮቴ ሰማሁ፤ ከማሽን ክፍል የመጣ ሠራተኛ መሰለኝ።

«ምን ቆመህ ታየኛለህ? ያንን ገመድ ያዝልኛ!» አልኩት።

ጫማው ተጠጋ። ባለጫማው ጎንበስ አለ። የማላውቀው ፊት ነው።

«የቱን ልያዝልሽ እህቴ? ሁሉም ገመድ ነው እኮ።»

«አንተ ማነህ?»

«ኮምፒዩተር ሊጠግን የተጠራው ሰውዬ። አንቺስ? አብረሽ ነው የምትጠገኚው?»

ማልቀሴን ረስቼ ሳቅሁ። ልነሣ ስል ደግሞ አናቴን ከጠረጴዛው ጋር አላተምኩት። እንዲህ ነው የተዋወቅነው። የሰው ፍቅር በአበባ ይጀምራል፣ የእኔ በእብጠት ጀመረ።

የምሠራው ትንሽ ማተሚያ ቤት ውስጥ ነው። የሠርግ መጥሪያ፣ የምረቃ ካርድ፣ የሐዘን ማስታወቂያ... የሰው ደስታም የሰው ለቅሶም በእኔ ስክሪን ያልፋል። ስዕሉን አስተካክዬ፣ ዙሪያውን መስመር አስምሬ ወደ ማሽን እልካለሁ። ከጠዋት እስከ ምሽት እንዲህ ስውል፣ ቤት ገብቼ ጫማዬን ለማውለቅ እንኳ አቅም አይኖረኝም።

አለቃችንን ከኋላቸው «ጋሽ ይበቃል» እንላቸዋለን። አዲስ ወንበር ሲጠየቁ «ያለው ይበቃል»፣ አምፖል ሲጠየቁ «የመስኮቱ ብርሃን ይበቃል»። ዓለም ሁሉ ቀጭን ስክሪን ሲገዛ፣ እኔ ጀርባው እንደ ሆድ የተገፋ አሮጌ ሞኒተር ፊት ተጎልቻለሁ። ቴክኒሻኑ «መብራቱ ይዋዥቃል፣ መብራቱን የሚያረጋጋ ስታቢላይዘር ያስፈልጋችኋል» ሲላቸው ምን ብለው እንደመለሱለት መገመት አያቅታችሁም።

በሳምንቱ ራሱ ተሸክሞ መጣ። ሱቁ ውስጥ ተጥሎ የነበረ፣ ራሱ የጠገነው፣ እንደ ድንጋይ የከበደ ስታቢላይዘር። የአንገቱ ደም ሥር ተገታትሯል።

«ጋሼ አዘዙህ እንዴ?»

«አላዘዙኝም።»

«ታዲያ ለማን ብለህ ነው?»

«ለገመዶቹ» አለኝ። ዓይኑን ግን ከእኔ ላይ አላነሣም።

ስታቢላይዘሩ እንደ ንብ ያንጎራጉራል። «ቀኑን ሙሉ ይሄን ስትሰሚ ራስሽን ያምሻል» ብሎ ከስሱ ግድግዳ ማዶ፣ ወረቀት ማከማቻው ውስጥ ጥግ ላይ አስቀመጠልኝ። የዝናቡ ወራት ገብቶ የማከማቻው ወለል መርጠብ ሲጀምር ደግሞ፣ አንድ ቀን እኔ ከወጣሁ በኋላ መደርደሪያ ላይ አወጣው። ከዚያ ወዲህ መብራት ቢዋዥቅም ሥራዬ አልጠፋም። እሱም ሰበብ አላጣም።

«ኪቦርድሽን ላጸዳው ነው የመጣሁት።»

«ትናንት አጽድተኸዋል እኮ!»

«አቧራ ቀጠሮ ያውቃል?»

ከሥራ ስወጣ እስከ አውቶቡስ ፌርማታ ይሸኘኛል። ድካሜን ያውቃል፣ ብዙ አያናግረኝም። ቦርሳዬን ይይዝልኛል፣ በዝናብ ጊዜ ከጣሪያው ሥር ያለውን ቦታ ይለቅልኛል። ወደድኩት። ምን እደብቃለሁ? ኮቴውን ከደረጃው ላይ ስሰማ ልቤ ከእኔ ቀድሞ ይነሣ ጀመር።

መስመሮቹ መወዛወዝ የጀመሩትም ያኔ ነው።

በመጀመሪያ ሳስተካክለው የነበረው የአንድ ካርድ ጠርዝ ተንቀጠቀጠብኝ። ዓይኔን አሸሁ። በማግሥቱ ቀጥ ብሎ መቆም ያለበት መስመር ሁሉ፣ ውሃ ውስጥ እንዳለ ክር እየዋለለ፣ በቀኝ በኩል ያለው ጥግ ወደ ውስጥ የተሳበ መሰለኝ። ሌላ ሰው ቢሆን «ይሄ አሮጌ ሞኒተር» ብሎ ይራገማል። እኔ ግን ላብ አጠመቀኝ።

አባቴ አናጢ ነበር። ሕመሙ ሲጀምረው የወቀሰው እንጨቱን ነው። «ይሄ ጣውላ ጠሟል» ይላል፣ ጣውላው ግን ቀጥ ያለ ነው። ቀጥሎ የበሩ መቃን ጠመመበት። ቀጥሎ የእናቴን ፊት ሲያይ መሃሉ ጠፋበት። ለማንም ሳይናገር ከመላጊያው ጋር ሲጣላ ቆይቶ፣ ሐኪም ቤት የሄደው ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ እናቴ ዓይኑ ናት። ታለብሰዋለች፣ ትመራዋለች፣ ሳህኑ ላይ እጁን ታስይዘዋለች። ማታ ጋደም ስትል የምታወጣውን ትንፋሽ እየሰማሁ ነው ያደግኩት።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ? የደረሰብኝ መሰለኝ።

አንድ ሰው ጠርቼ «ይሄ መስመር ላንተም ይወዛወዛል?» ማለት ቀላል ነበር። ግን «ኧረ ቀጥ ያለ ነው» ቢለኝስ? ቀጥ ያሉ ነገሮችን ማየት ሁሉ ተውኩ። በር ስገባ መቃኑን ላለማየት አንገቴን እደፋለሁ። በመጨረሻ የቀረችኝ ተስፋ ሞኒተሩ ነበር። እባክህ አምላኬ ጥፋቱ የዕቃው ይሁን ብዬ ለመንኩ። እሱ ሲመጣ ሞኒተሩን ራሴ ነቅዬ ጠበቅኩት፤ እኔ ፊት እንዲያበራው አልፈለግሁም።

«ምን ይላል?» አለኝ።

«እንጃ... አስቸገረኝ። ሱቅህ ወስደህ እየው።»

«ምኑ ነው ያስቸገረሽ?»

«ዝም ብለህ እየውና ንገረኝ!»

መልሶ ያመጣው ቀን መብራት ጠፍቶ ነበር። ማሽኖቹ ሁሉ ዝም ብለዋል። ከሰዓት በኋላ ነው፤ በመስኮቱ የሚገባው ብርሃን ደብዛዛ ነው። ሞኒተሩን በጥንቃቄ አስቀመጠው፣ ጀርባውን መታ መታ አደረገው። አዲስ ሸሚዝ ለብሷል።

«እዚሁ አብርቼ ባሳይሽ ደስ ይለኝ ነበር፣ መብራት የለም እንጂ። ሱቄ ውስጥ ግን ሲሠራ ነው የዋለው። ሞኒተሩ ምንም የለበትም! ከእኔም ካንቺም ይልቅ ጤነኛ ነው።»

ወንበሩን ያዝኩ።

«እርግጠኛ ነህ? መስመር... ስዕል... ምንም?»

«ምንም! እንደ አዲስ ነው።»

ይህን ሲል ፊቱ እንዴት ያበራ እንደነበር እስከ ዛሬ አይረሳኝም። የምሥራች የነገረኝ መስሎታል። ከዚያ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገና፣

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ...» አለኝ።

«ዛሬ ይቅር፣ ደክሞኛል።»

«ዛሬ ካልጠየቅሁሽ ድፍረቱን መልሼ አላገኘውም። ንጹሕ ኪቦርድ ማጽዳት ሰለቸኝ። ታገቢኛለሽ?»

ጥቂት ቀደም ብሎ ቢሆን ኖሮ አንገቱ ላይ ተጠምጥሜ አልለቀውም ነበር። አሁን ግን የታየኝ እናቴ ነች። አባቴን ክንዱን ይዛ፣ እግሯን እየጎተተች፣ «እዚህ ጋ ደረጃ አለ» ስትለው። እሱ እንዲህ ሆኖ ታየኝ። ይሄ ስታቢላይዘር ተሸክሞ የመጣ ሰው፣ እኔን ተሸክሞ ሲያረጅ።

«አላገባህም» አልኩት።

«ምን... አጠፋሁ?»

«ምንም አላጠፋህም።»

«ሌላ ሰው አለሽ?»

«አለኝ።»

ውሸቱ ከአፌ ሲወጣ ቀላል ነበር። መልሶ የሚውጠው ጠፋ እንጂ። እሱ ገመዱን ጠቀለለ። የተጠቀለለውን ፈታና መልሶ ጠቀለለው። በሩ ጋ ሲደርስ ሳይዞር፣

«ሞኒተሩ ዳግም ካስቸገረሽ፣ እሱ ያይልሽ» አለኝ።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ድካም ብቻ ነው። እየሠራሁ ደከመኝ፣ ተኝቼ ደከመኝ፣ ዝም ብዬም ደከመኝ። ዓይኔ ቀልቶ ይውላል። ሥራዬን እንዳላጣ ስል የሚወዛወዘውን መስመር በግምት አቀናው ጀመር። ጥጉ ወደ ውስጥ ሲሳብ ወደ ውጭ እጎትተዋለሁ፣ ወደ ቀኝ ሲያጋድል ወደ ግራ እመልሰዋለሁ። ስክሪኑ ላይ ቀጥ ሲልልኝ እፎይ እላለሁ።

የሚያሳዝነው ይሄ ነው። ቀጥ ያለውን ነበር የማጣምመው።

የአንድ ሠርግ መጥሪያ ካርድ ሙሉ በሙሉ ታትሞ ሲወጣ፣ በሙሽሮቹ ዙሪያ ያለው ወርቃማ መስመር እንደ ሰከረ ሰው አጋድሏል። ጋሽ ይበቃል ካርዱን አፍንጫቸው ድረስ አስጠጉት፣ አራቁት።

«ምንድን ነው ይሄ? አይተሽ ነው የላክሽው?»

«አይቻለሁ ጋሼ...»

«ታዲያ ዓይንሽን ምን ነካው ልጄ?»

ክፉ ሰው አይደሉም። ስድብ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ጥያቄው ግን ስሸሸው የነበረው ጥያቄ ስለሆነ እዚያው ቆሜ ስንሰቀሰቅ ደነገጡ። «በቃ፣ ይበቃል፣ ቤትሽ ሄደሽ ዕረፊ» ብለው ቦርሳዬን ራሳቸው አቀበሉኝ።

መንገድ ላይ ስንከራተት ቆይቼ ቤት ስደርስ እናቴ ግቢ ውስጥ ልብስ ታጥባለች። አባቴ በሩ ላይ ተቀምጦ በጣቶቹ እየዳበሰ የእንጨት ማንኪያ ይቀርፃል። በዚያ ሰዓት መምጣቴን አይታ እጇን ከሳሙናው አወጣች።

«ምን ሆንሽ?»

«እማዬ... መስመሮቹ ይጠሙብኛል።»

ሌላ ማብራሪያ አላስፈለጋትም። በእርጥብ እጇ ጉንጬን ያዘችኝ።

«መቼ ጀመረሽ? ለማን ነገርሽ?»

«ለማንም።»

«ለዚያ ለሚሸኝሽ ልጅስ?»

«አሰናበትኩት።»

«ለምን?»

«ለምን ትይኛለሽ? አንቺን እያየሁ ነው ያደግኩት! ደክሞሻል እማዬ። በየማታው እሰማሻለሁ። ሰው ወድጄ እንዲህ ላድርገው?»

እናቴ ድንጋይዋ ላይ ተቀመጠች። ቁጣ ጠብቄ ነበር፣ አልተቆጣችም።

«ደክሞኛል፣ አልዋሽሽም» አለች። «ወገቤን ያመኛል። አባትሽም ወጡ ቀዘቀዘ እያለ ሲነጫነጭ ጥዬው ልጥፋ የምልበት ቀን አለ። ግን ድካሜን ማን ቆጥሪልኝ አለሽ? እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ድካሙ አይደለም። ከእኔ ጋር እየኖረ፣ ሳይነግረኝ፣ ብቻውን የፈራበት ጊዜ ነው። እሱን ይቅር ለማለት ነው ብዙ የደከምኩት።»

«እሰማችኋለሁ እኮ!» አለ አባቴ ከበሩ ላይ። «የጠፋው ዓይኔ ነው፣ ጆሮዬ ደህና ነው!»

ከዚያም ማንኪያውን አስቀምጦ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፣ ልጄ። እኔን አይተሽ ካልተማርሽ ከማን ልትማሪ ነው?» አለኝ።

የግቢው በር ተንኳኳ።

«ማነው?» አለ አባቴ።

«ኮምፒዩተር የምጠግነው ነኝ፣ አባባ።»

«እዚህ ቤት ኮምፒዩተር የለም። የተበላሸችው ልጅቷ ናት፣ ግባ!»

ገባ። እየሮጠ እንደመጣ ያስታውቃል፤ ሸሚዙ ከጀርባው ጋር ተጣብቋል። ከስቷል። እናቴን ሰላም ማለት ረሳ፣ ከዚያ ትዝ አለውና ጎንበስ ብሎ ሰላም አላት፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«ሞኒተሩ ይወዛወዛል» አለኝ።

«ምን አልክ?»

«ካርዱ ተበላሸ ብለው ጋሼ ጠሩኝ። ወንበርሽ ላይ ተቀምጬ አበራሁት። መስመሩ ሁሉ ይዋልላል፣ ጥጉ ይሳባል... ዓይኔን አሸሁ። ጋሼን ጠራኋቸው፣ መነፅራቸውን አድርገው አዩት። እሳቸውም አዩት!»

«አንተ... በዓይንህ አየኸው? ላንተም ተወዛወዘ?»

«አየሁት አልኩሽ እኮ! ምን ሆንሽ? ለምን ታለቅሻለሽ?»

እናቴ አቅፋ ያዘችኝ፤ እሷም ታለቅሳለች። እሱ ምን እንዳደረገ ሳያውቅ እጁን አንጠልጥሎ ቀረ።

«እኔ ነኝ ጥፋተኛው» አለ ቀስ ብሎ። «ስታቢላይዘሩን መደርደሪያ ላይ ሳወጣው ልክ ከሞኒተርሽ ጀርባ አድርጌው ኖሯል። በመሃል ያለው ስስ ግድግዳ ብቻ ነው። ስታቢላይዘር ሲሠራ እንደ ማግኔት ነው፤ እንዲህ ያለ አሮጌ ሞኒተር ማግኔት ሲጠጋው ስዕሉ ይሳባል፣ ይህን ደግሞ ማንም ጀማሪ ያውቃል። ሱቄ ውስጥ ምን ይጠጋዋል? ደህና ሆኖ ዋለ። ዛሬ ወደ ሌላው ጥግ ሳነሣው ስዕሉ ወዲያው ቀጥ አለ። አንቺ ቦታ ተቀምጬ ሳላይ ምንም የለበትም ብዬሽ ሄድኩ። ያንን ልነግርሽ ነው ቤትሽን ከጋሼ ጠይቄ የመጣሁት። ሌላ... ሌላ ነገር ፈልጌ አይደለም።»

ያኔ ሁሉንም ነገርኩት። ጣውላውን፣ መቃኑን፣ የእናቴን ትንፋሽ፣ ቀጥ ያለ ነገር ማየት መፍራቴን። እየሰማኝ ፊቱ ተለዋወጠ።

«ያ አለኝ ያልሽኝ ሰውስ?»

«የለም።»

«ኖሮም አያውቅም!» አለ አባቴ።

ይስቃል ብዬ ነበር። አልሳቀም።

«እኔ እኮ ስንት ቀን ምን ጎደለኝ እያልኩ ስብሰለሰል ነበር» አለኝ። «እንቅልፍ አጣሁ። ለእኔ ያዘንሽልኝ መስሎሻል፣ አይደል? ግን እኔን ሳትጠይቂ ስለ እኔ ፈረድሽ። ይከብደው እንደሆን፣ አይከብደው እንደሆን... ጠይቀሽኛል?»

«አልጠየቅሁህም።»

«ልትጠይቂኝ ይገባ ነበር!»

«ይገባኝ ነበር» አልኩ። እውነቱን ነው። ምን ልበል?

ከዚያ ቁጣው ወጥቶለት እንደደከመ ሰው ከአባቴ አጠገብ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። «ነገ ሐኪም ቤት አብረን እንሂድ» አለኝ። «ሞኒተሩን ሱቄ ውስጥ አይቼ ተሳሳትኩ። ዓይንሽን በግምት አንተወውም።»

ፈራሁ። ሞኒተሩ ጥፋተኛ ሆነ ማለት ዓይኔ ነጻ ወጣ ማለት አይደለም፤ ግን ሄድን። ሐኪሟ ጠብታ ጨመረችልኝ፣ መብራት አበራችብኝ፣ በመስመር የተሞላ ካርቶን አሳየችኝ። «የትኛው መስመር ይጠማል?» ስትለኝ አንድ በአንድ አየኋቸው። ሁሉም ቀጥ ያሉ ነበሩ። «አንዱም» አልኳት።

«ዓይንሽ ጤነኛ ነው፣ በጣም ደክሟል እንጂ» አለችኝ። «የአባትሽ ሕመም ግን በዘር ሊተላለፍ የሚችል ነው። በየዓመቱ መታየት አለብሽ። ይመጣል ወይም አይመጣም ብሎ ዛሬ የሚነግርሽ ሐኪም የለም።»

እሱ ኮሪደሩ ውስጥ እየተንቆራጠጠ ጠበቀኝ። ያለችውን ሳልቀንስ ነገርኩት።

«ስለዚህ ሊመጣ ይችላል» አልኩት። «ለምን አልጠየቅሽኝም ብለህ ተቆጥተኸኝ አልነበር? ይኸው እጠይቅሃለሁ። ይከብድሃል?»

ቶሎ አልመለሰልኝም። ያ ደስ አለኝ፤ ቶሎ ቢመልስልኝ አላምነውም ነበር።

«ይከብደኝ ይሆናል» አለኝ። «እንደ አባትሽ ከተነጫነጭሽ ደግሞ በጣም ይከብደኛል። ግን እኔም ነገ ምን እንደምሆን አላውቅም። ዛሬ የማውቀው አንቺ በሌለሽበት ያሳለፍኳቸው ቀኖች የከበዱኝን ያህል ምንም እንዳልከበደኝ ነው። ጥያቄዬ እዚያው አለ፣ አላነሣሁትም። ሲመችሽ መልሺልኝ።»

አውቶቡሱ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ምን ብዬ፣ በየትኛው ቃል እንደምመልስለት ሳስብ፣ ለወራት የሸሸኝ እንቅልፍ ሁሉ ተጠራርቶ መጣብኝ። ራሴን ትከሻው ላይ ጣል ሳደርግ ብቻ ትዝ ይለኛል።

ስነቃ በመስኮቱ የማላውቀው ሰፈር ይታያል። ሰው ሁሉ ወርዶ አልቋል፤ ሾፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ ከውጭ እግሩን ያፍታታል።

«አልፈን መጣን እኮ! ለምን አልቀሰቀስከኝም?»

«ደክሞሽ ነበር» አለኝ።

እሱም ደክሞታል። ዓይኖቹ ቀልተዋል፤ የተኛሁበት ትከሻው ከመደንዘዙ የተነሣ ክንዱን ማንሣት አቅቶት በሌላው እጁ ይደግፈዋል።

«እሺ» አልኩት።

ምኑን እሺ እንዳልኩት አልጠየቀኝም። ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ፣ በደህናው እጁ ዓይኖቹን ሲጠርግ አየሁት። ከዚያ ቦርሳዬን አነሣልኝና ወረድን፤ ያለፍነውን መንገድ ሁሉ ቀስ እያልን በእግራችን ተመለስን።